የክሊኒኩ ቁጥር

ሰው ሁሉ ስልክ ማለት ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም! ሃያ ዓመት ሽቦ ስጎለጉል የኖርኩ ሰው ነኝና ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ በነበረው የመንግሥት እርሻ ሠላሳ የውስጥ ስልኮች ነበሩን። የሁሉም ሽቦ እኔ ክፍል ያለው ማዞሪያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ መግቢያ አለው፤ መግቢያው አይነቃነቅም። ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን ለመግቢያው የምሰጠው እኔ ነኝ። ከሳጥኑ ጀርባ ቀጫጭን ሽቦዎች ነቅዬ ቦታ ሳቀያይር የአንዱ ቁጥር ለሌላው ይሆናል። ስልኩ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክሊኒኩ አስራ አንድ ነበር። የድሮው ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የታመመ ሰው ቁጥር ፍለጋ አይንከራተት፣ አንድን ሁለቴ ያዙርና ይገላገል» ብሎ ነው የሰጠው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጓድ ዘውዴ የሚባል ካድሬ ተመደበልን። ገና ሻንጣውን ሳይፈታ የስልክ ዝርዝሩን አስመጣ። አስር ሥራ አስኪያጁ፣ አስራ አንድ ክሊኒኩ፣ የእሱ ቢሮ ሃያ ሰባት። ፊቱ ጠቆረ።

«ፓርቲው ከክኒን በታች ነው?» አለኝ።

ምን ይባላል? «የለም፣ ጓድ» አልኩ።

«እንግዲያው ቀይረዋ!»

ቀየርኩት። አስራ አንድ ለእሱ፣ ሃያ ሰባት ለክሊኒኩ። አዲሱ ዝርዝር በታይፕ ተመትቶ ለየክፍሉ ታደለ። ያኔ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ከእኛ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወንዙ ዳር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠብቅ ከቢር የሚባል ሰው አለ። የሚስቱ የሐጂራ መውለጃ ወር ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች ምጥ ላይ ሞተውባታል፤ ሁለቴም እሷ ራሷ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። የክሊኒኩ ድሬሰር እትዬ አስካለ «ምጥ እንደጀመራት ደውል፣ በላንድሮቨር መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላ አስጠንቅቃዋለች። ከቢር ደግሞ ማንበብ አይችልም። ደውዬ ልንገረው ብልም በሞተሩ ጩኸት ስልኩ አይሰማውም።

«ጓድ፣ ሞተር ቤት ድረስ ሄጄ በቃል ልንገራቸው» አልኩት።

«ለምን? ዝርዝሩ አልደረሳቸውም?»

«ደርሷል፣ ግን...»

«ይህ እርሻ ከመሃይምነት ነፃ ወጥቷል፣ ጓድ አስፋው። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ አለ ነው የምትለኝ?»

የከቢር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ቁጥር ያውቃል፣ ስሙንም እንደምንም ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። የታዘዝነው መቶ በመቶ ስለነበር «አልፏል» ብዬ ፈረምኩለት። የምስክር ወረቀቱን የተቀበለ ቀን ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እኔ ቀጣፊውም ኮራሁ። ታዲያ አሁን «አይችልም» ብል ውሸታሙ ማን ሊሆን ነው? በዚያ ዘመን የሐሰት ሪፖርት አቀረበ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

«የለም ጓድ፣ ሁሉም ያነባል» አልኩት።

ደግሞ እኮ ሹልክ ብዬ በብስክሌት ደርሼ መመለስ እችል ነበር! «ምን ልትሠራ ሄድክ» እንዳልባል፣ ነገ ነገ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹን ከጓድ ዘውዴ ቢሮ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ምርት ዘመቻ ሲያወራ ከግድግዳው ወዲያ ስልኩ ጮኸ። ጮኸ ጮኸና ቆመ። ደግሞ ጀመረ።

«ተዉት፣ ይጩህ! ፓርቲው ስብሰባ ላይ ነው» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ።

እኔ ግን ሰው መቁጠር ጀመርኩ። ለእሱ የሚደውል ሰው ሁሉ እዚሁ ፊቱ ተቀምጧል እኮ! ሥራ አስኪያጁ እዚህ፣ የክፍል ኃላፊዎቹ እዚህ። ማን ቀረ? እትዬ አስካለ ክሊኒኳ ውስጥ፣ ከቢር ወንዙ ዳር። ተነስ አስፋው፣ አልኩ በሆዴ። ተነስና «ያ ክሊኒክ የሚፈልግ ሰው ነው» በል። ከዚያስ? «ዝርዝሩን አላነበበም እንዴ?» ሊለኝ ነው። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ። ሲያቆም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

ስብሰባው ሲበተን ሮጬ ለእትዬ አስካለ ነገርኳት። «አንተ ሰው፣ እስካሁን የት ነበርክ!» ብላ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ሾፌሩን ፈልገን እስክንነሳ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ግማሽ መንገድ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች አገኘን፤ ከፊት ከቢር ነበር። እትዬ አስካለ ወርዳ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ሐጂራ አልተገላገለችም፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ ለቅሶ ደረስኩ። ከቢር እጄን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ።

«ጋሼ አስፋው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወላሂ አንድን ሁለቴ ነው ያዞርኩት። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እትዬ አስካለ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች አሉ። እኔ እንግዲህ ያው ያልተማርኩ ነኝ፣ አንቱ ያውቃሉ። ተሳስቼ ይሆን? እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አልተሳሳትክም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ጓድ ዘውዴ ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ ያየናል።

«ተጨንቀህ ስለነበር ጣትህ ስቶ ይሆናል» አልኩት።

ከቢር አንገቱን ደፋ። አስተማሪው ነበርኩና አመነኝ።