አራት ችካል

የሺሃረግ የዝይዋን ጎጆ ያገኘችው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ብሎኬት ማምረቻውንና የመኪና እጥበቱን አለፍ ሲሉ የሽማግሌው ገበሬ የኦቦ ሊቤ ጨፌ አለ። ድሮ ሜዳው በሙሉ ውሃ ያቁር ነበር ይላሉ፤ አሁን የቀረው ይህ ቁራሽ ብቻ ነው። እዚያ፣ ባደገው ሣር ሥር፣ አንዲት ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አምስት እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። ይህች ዝይ ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም፤ እኛ ግን ከዳክዬ ለይተን አናውቃትም።

የየሺሃረግ ሥራ ለጎብኚ ወፍ ማሳየት ነው። ሰው ይስቅባታል። አከራይዋ እንኳ ሳይቀሩ "እኔ ቤት ዶሮ ሞልቶ ምን ያንከራትትሻል?" ይሏታል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ የቤት ኪራይ አባሯት ሱሉልታ የገባች የአርባ ዓመት ሴት ናት። ከአንድ ባይኖክላርና ከአንድ የወፍ መጽሐፍ በቀር ሀብት የላትም። መንገዱ ሰላም ካጣ ወዲህ ጎብኚ ጠፍቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ከርማለች። ዘንድሮ ግን ስድስት እንግዶች ከሩቅ አገር ሊመጡላት ነው፤ የሚፈልጉት ደግሞ ዝይዋን ከነጫጩቶቿ ማየት ነው። ካሳየቻቸው ሌሎች ይከተላሉ። ካላሳየቻቸው ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች።

የፈራችው አጨዳውን ነው። ጥቅምት ሲገባ ጨፌው ለድርቆሽ ይታጨዳል፤ ማጭድ ደግሞ ጎጆ አይለይም። ጤነኛ ሰው ቢሆን ኦቦ ሊቤ ደጅ ሄዶ "ይቺን ጥግ ይተዉልኝ" ይል ነበር። የሺሃረግ ግን ብልጥ ናት። የዝይዋን ዋጋ ካወቁ በር ላይ ገመድ ወጥረው መግቢያ ይጠይቃሉ፣ ልጆቻቸውም ለሌላ አስጎብኚ ያወራሉ ብላ ሰጋች። ሙያውም እንዲህ ነው፤ አስጎብኚ ወፍ ያየበትን ቦታ እናቱ ብትጠይቀው እንኳ ሌላ መንደር ይጠራል።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ከአከራይዋ ጓሮ አራት ችካል አነሳች። ቦታ ሲለካ የተረፉ፣ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ናቸው። ጎጆውን መሃል አድርጋ በአራት ማዕዘን ተከለቻቸውና እጇን አራግፋ ሄደች። በዚህ አካባቢ ሰው ጅብ ባይፈራ ችካል ይፈራል። ቀይ ጫፍ ያየ አጫጅ የማን ነው ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ዞሮ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ የተማመነችውም በዚሁ ፍርሃት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ዝይዋ እንዳትደነግጥ ብላ ሁለት ሳምንት ድርሽ አላለችም። ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቿን በሚኒባስ ጭና ስትደርስ ጨፌው ላይ ሰው ፈልቷል። ሣሩ ታጭዷል። ከዳር እስከ ዳር ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ፣ ውሃው አልቆ፣ ጭቃው መሰነጣጠቅ ጀምሯል። በጭቃው ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። ከዚያ ሁሉ መሬት ማጭድም አካፋም ያልነካው አራቱ ችካል የከበቡት ሣር ብቻ ነው።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ሊቤ? እንዴት አደሩ? ምን ሆናችሁ?" አለች፣ ከሰው መሃል ወደ ቆሙት ሽማግሌ እየሮጠች።

"ናጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ልጄ። ምን እንሆናለን፣ መሬታችንን ሊወስዱ ደረሱብን እንጂ" አሉ ሽማግሌው፣ በአካፋቸው ወደ ችካሉ እየጠቆሙ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የእህቴ ልጅ ቤት የፈረሰ ጊዜም መጀመሪያ የታየው ችካል ነው። ባዶ ሣር ነው ካሉ ካሣው ምንም ነው፤ ዛፍ ካለበት ግን ይቆጠርልናል። ሰፈሩ ደቦ ወጥቶልኝ በሦስት ቀን ጨረስነው።"

የሺሃረግ ችካሎቹን አልፋ ገባችና ሣሩን ገለጥ አደረገች። አምስቱም እንቁላሎች አሉ። በእጇ ነካቻቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ውሃው ሲሄድ እናቲቱም ሄዳለች።

"ኧረ ውጪ፣ ልጄ! ይከሱሻል!" ብለው ጮኹ ኦቦ ሊቤ። ከልባቸው ፈርተውላት ነው።

"ማንም አይከሰኝም" አለች ሳትነሳ። "የተከልኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወዲያው አልገባቸውም። "ማን ልኮሽ?"

"ማንም። አጫጆች ዝይዋን እንዳይነኩብኝ ብዬ ነው።"

ኦቦ ሊቤ ከቦዩ በወጣው አፈር ክምር ላይ ቁጭ አሉ። "እዚህ ጥግ ላይ የምትተኛዋን ነው?" አሉ። "እሷን እኮ አውቃታለሁ። ይሄን ጥግ አባቴም ጫጩት ሳይወጣ አያስነካም ነበር፤ እኔም አላስነካም። ዘንድሮም ለልጆቹ ነግሬ ነበር። ችካሉን ሳይ ነው ሁሉም የጠፋኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ ሊቤ። ውሃው… ቦዩ ቢደፈን ይመለሳል?"

"ክረምት ነው የሚመልሰው፣ ያውም ዛፉ ካልጠጣው።" ዓይናቸውን ከእንቁላሎቹ ላይ አላነሱም። "በየሳምንቱ በደጄ ታልፊያለሽ። እርጎ አጠጥቼሻለሁ። አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

ምን እንደነበረበት ታውቀዋለች። በር ላይ ገመድ ይወጥራሉ ብላ የጠረጠረቻቸው ሰው እኚሁ ናቸው። አፈረች፤ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

ኦቦ ሊቤ አካፋቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከቦዩ ማዶ አርባ የሚሆን የደቦ ሰው እጁን እየታጠበ ነው። "ነይ" አሏት፣ "አንቺው ንገሪያቸው። ከኔ አፍ አይወጣም።"

"እንግዶቼን አድርሼ ልመለስ" አለች።

አልተመለሰችም። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ሰበታ ገባች፤ አሁን ጎብኚ ሲገኝ ከተፍኪ ረግረግ ዳር ቆማ ሌላ ወፍ ታሳያለች። ኦቦ ሊቤም ችካሉን የተከለው ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ሰፈሩ ዛሬም መሬት ለኪው ቀያሽ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ ባሕር ዛፉም ከሰው ቁመት አልፏል።