በጾም ቀን የቀረበ ማዕድ

ታቢታ ክራውች በሊጥ ጠቅልላ የጋገረችውን የበግ ሥጋ አምጥታ ጠረጴዛው መሀል ዘጭ ስታደርገው፣ እዚያ ቤት የተሰበሰበው ሰው ሆድ ባንድ ላይ ጮኸ።

"ኧረ እመት ታቢታ፣ ትንሽ ዘወር አርጊው፤ ሽታው ገደለን እኮ!" አለ ባርኔጣ ሰፊው ሕዝቅያስ፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ።

"ሽታ አያስገድፍም" አለችው። "ደሞስ ላንተ መሰለህ እንዴ? ለመስኮቱ ነው።"

እውነቷን ነው፣ ለመስኮቱ ነበር። ንጉሡ ከስደት ከተመለሰ ወዲህ በእንግሊዝ አገር ከቤተሰብ ውጪ ሰው ሰብስቦ፣ ከታዘዘው የጸሎት መጽሐፍ ውጪ መጸለይ ወንጀል ሆኗል። ሰብስቦ መብላት ግን ወንጀል አይደለም። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሊጸልዩ ሲሰበሰቡ ዳቦ አይብ ቢራውን ደርድረው ነው፤ አላፊ አግዳሚው በመስኮት ቢያይ ግብዣ ነው ብሎ እንዲያልፍ።

የዛሬው ግን ጉድ ነው፤ ቀኑ የጾም ነው። የነሱ ጾም እንደሌላው በቀን መቁጠሪያ አይመጣም፤ እንዲያውም እሱን ይጸየፉታል። መከራ ሲመጣ ራሳቸው ያውጁና እስኪመሽ ድረስ ውሃ እንኳ ባፋቸው አይዞርም። ይሄኛው የታወጀው ለትንሿ ለአግነስ ነው። አግነስ የጋይልስ ልጅ ናት፣ ጋይልስ ደግሞ ታቢታ ከሟች እህቷ ተረክባ ያሳደገችው ነው። ትኩሳት ይዟት ከሰነበተች በኋላ አሁን ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል።

ጋይልስ ዘንድሮ የመንደሩ ሹምነት ተራ ደርሶበታል፤ ማለት እነዚህን ሰዎች አባሮ የሚይዘው እሱው ነው። ግን ጠዋት በጓሮ በር መጥቶ፣ ኮፍያውን እየጨመቀ፣ "አክስቴ፣ እኔ በናንተ ነገር አላምንም፤ ታውቂኛለሽ። ግን ጹሙላት" ብሏት ሄደ። ታቢታ ዓይኗን ጠርጋ ቶሎ ብላ መምህር ናታንን አስጠራች።

መምህር ናታን ሆልክሮፍት ድሮ የመንደሩ ሰባኪ ነበር። የንጉሡን የጸሎት መጽሐፍ አላነብም ቢል ከቤተ ክርስቲያኑ አባረሩት፤ ወደ መንደሩ ድርሽ እንዳይል ከለከሉት። ሁለቴ ታስሯል። እስር ቤት ሆኖ ስለ ሕሊና የጻፈውን መጽሐፍ ሴቶቹ ዱቄት ውስጥ ቀብረው ነው የሚያነቡት። ከእስር ቤት ያተረፈው ሌላ ነገር ሳል ነው፣ ደም ያለበት። ለሦስተኛ ጊዜ ከተያዘ በመርከብ ጭነው ባሕር ማዶ ሊጥሉት ነው፤ ያ ደረት ደግሞ መርከብ አይችልም። እንዲያም ሆኖ ሲመጣ የእረኛ ካባ ልበስ ቢሉት፣ "ካባው ይዋሽልኛል" ብሎ እንቢ አለ፤ በዚያ በጥቁር ኮቱ እንደ ቁራ ሜዳውን አቋርጦ መጣ።

ታቢታ ትወደዋለች፤ ትፈራዋለችም፤ ቂምም አለባት። ድሮ በአንድ የጾም ቀን ከበረት ኋላ ፖም ስትገምጥ ተይዛ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር እንድትቆም ያደረጋት እሱ ነው። ሰው ሲያወራ ደግሞ ፖሙን ብቻዋን አልበላችውም ይላል። ከበረቱ ኋላ ሌላው ማን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

መምህሩ የአሸዋ ሰዓቱን ገልብጦ ጀመረ። አንድ ሰዓት ይሰብካል፤ አሸዋው ሲያልቅ ከገለበጠው ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት።

"እግዚአብሔር ባዶ ሆድ ናፍቆት መሰላችሁ?" አለ። "ባዶ ሆዱን የሚያድር ድሃ ሞልቶለታል። እሱ የሚሻው ባዶ እጅ ነው። የያዛችሁትን ጣሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጽድቃችሁን ጣሉ፤ እሷን ነው አጥብቃችሁ የያዛችሁ…"

በሩ ተንኳኳ።

የአሸዋ ሰዓቱ ወዲያው ዳቦው ቅርጫት ኋላ ገባ። ሰው ሁሉ ማንኪያ ያዘ። የገባው ጋይልስ ነው፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላው አንድ ቀጭን ሰውዬ ተከትሎታል፤ ክሪስፕ ይሉታል፣ ከተማ ያፈራችው ጆሮ ጠቢ። ሰው አስይዞ ከቅጣቱ ድርሻ ይቀበላል።

"ግብዣ ነው?" አለ ክሪስፕ ማዕዱን እያየ።

"ምን ይመስላል?" አለች ታቢታ።

"የምን ግብዣ?"

"የተወለድኩበት ቀን ነው።"

"ስንት ሞላሽ?"

"ሴት ይሄን ይጠየቃል? እናትህ አላሳደገችህም?"

"እናቴማ አሳድጋኛለች" አለ ክሪስፕ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። "እናቴ እንደናንተው ነበረች። ጾም ባወጀች ቀን ውሃ ይገባል ብላ አፏን እንኳ አትጉመጠመጥም። ይሄን ሁሉ ምግብ ከብባችሁ አንድ ሰው እንኳ ከንፈሩ ላይ ፍርፋሪ የለም። እስቲ ብሉ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ግብዣ አይደል? ብሉ! ካልበላችሁ ጸሎት ነው፤ ጸሎት ከሆነ ደግሞ ያ ጥቁር ኮት ለባሹ ከኔ ጋር ይሄዳል።"

ታቢታ ጋይልስን አየችው። ጋይልስ መሬት መሬት ያያል። ጾሙ የማን እንደሆነ ያውቃል። በልተው ጾሙን ቢያፈርሱት የልጁ የአግነስ ነገር ምን ይሆናል? ባይበሉ ደግሞ ያን ሳላም ሽማግሌ በገዛ እጁ አስሮ ሊወስደው ነው።

"አክስቴ…" አለ። "ብሉ።"

ታቢታ ቢላዋ አነሳች። ስትቆርጥ ልጅቷ ዓይኗ ላይ መጣችባት። ጎረሰች፤ እንደ ጭቃ ሆነባት። ዋጠችው። ሌሎቹም የሚያለቅሱ እየመሰሉ አንዳንድ ጉርሻ ጎረሱ።

"እሱስ?" አለ ክሪስፕ በአገጩ ወደ መምህር ናታን እያሳየ።

ያ ካባ እንኳ እንዳይዋሽለት የሚፈራ ሰው! ሁሉም አየው። መምህሩ ጋይልስን አየ፣ ታቢታን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ።  ቆርሶ ጎረሰ፤ ቀስ ብሎ አላመጠ።

"ስምህ ማነው?" አለው ክሪስፕ።

ታቢታ ብድግ ብላ ሌላ ቁራሽ አፉ ውስጥ ከተተችለት። "አፉ የሞላን ሰው ያናግሩታል? እንኳን እናትህ፣ ጎረቤትም አላሳደገህ!"

"በላ አይደል? ሌላ ምን ቀረህ?" አለ ጋይልስ የክሪስፕን ክንድ አፈፍ አድርጎ። "ልጄ ታማለች። ቤቴ ልሂድበት!" ጎትቶት ወጣ።

በሩ ተዘጋ።  መጨረሻ ላይ ሕዝቅያስ ተነሳ።

"ጾሙ ፈረሰ" አለ። "እግዚአብሔር ፊት የገባነውን ቃል ጆሮ ጠቢ ፈርተን በላነው። እንግዲህ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን በማን እጅ ነው?"

"አንተማ መቼ በላህ?" አለች ታቢታ። ሄዳ እጅጌውን ይዛ ብታራግፈው ቁራሽ ሥጋ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፍሮ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"ተዪው" አለ መምህር ናታን። "የበላሁት እኔ ነኝ። እናንተንና ያን አባት ላተርፍ ብዬ ነው ወይስ መርከቡን ፈርቼ? አላውቅም። በመጽሐፌ፣ ሰው ልቡን ቢመረምር ያውቀዋል ብዬ ጽፌያለሁ። ይኸው አሁን መረመርኩት።" ሳል ያዘው፤ እስኪለቀው ጠበቁት። "አላውቀውም።"

ከዚያ ከጠረጴዛው ራስ ተነሳ። እየተጎተተ ሄደና በሩ ሥር ቆመ፣ ድሮ ጥፋተኛን እንደሚያቆምበት ዓይነት ቦታ። ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

ታቢታ እሱ በተራው በሩ ሥር የሚቆምባትን ይችን ቀን ስንት ጊዜ አልማታለች! ጥጥ ስትፈትል፣ ላም ስታልብ፣ ምን እንደምትለው ቃል በቃል ሰድራ አስቀምጣለች። "ፖሙ ጣፈጠህ ወይ፣ መምህር?" ልትለው ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ሽማግሌው በዚያ በር ሥር ሲያዩት ኮቱ ሰፍቶት፣ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ ተንጠልጥሎ፣ ልጅ መሰላት።

አንሶላ አምጥታ ማዕዱን ሸፈነችው። ከዳቦው ቅርጫት ኋላ የአሸዋ ሰዓቱን አወጣች።

"ጾሙ አሁን ይጀመራል" አለች። "እስከ ነገ ማታ።"

"እመት ታቢታ!" አለ ሕዝቅያስ። "ሴት በጉባኤ…"

"አንተ ሥጋህን ከመሬት አንሳ።"

የአሸዋ ሰዓቱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰው መሀል ሰንጥቃ ሄደችና በሩ ሥር ከመምህሩ ጎን ቆመች፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካው። ከሜዳው ማዶ የጋይልስ ቤት ጭስ ማውጫ በመስኮቱ ይታያል፤ ይጨሳል፣ ያቆማል፤ ልጅቷ ምን ላይ እንዳለች ግን አይታወቅም።

"ጀምር፣ መምህር" አለችው ቀስ ብላ። "ባዶ እጅ ካልከው ላይ ጀምር።"

እሱም መናገር ሲያቅተው አየችና፣ ሰዓቱን ራሷ ገለበጠችው።