የገብሬ ቆብ

ገብሬን ያልወደድኩት በቆቡ ነበር። ሰው ሁሉ መስቀል ሲሳለም ራሱን ገልጦ ጎንበስ ይላል። ገብሬ ግን ያችን ጥቁር የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳር ከወይራዋ ሥር ቆሞ አስቀድሶ፣ መስቀል ሳይሳለም ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ትዕቢተኛ! ለፈጣሪም ቆብ አያወልቅ!» እያልኩ ስበሳጭ ሚስቴ ዓለሚቱ «አንተን ምን አገባህ?» ትለኛለች። ወዲያው ደግሞ የሚያገባኝ ሆኖ አረፈው፤ ልጄ ገነት የገብሬን ልጅ አስቻለውን ወደደች።

ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ሽማግሌ ተላከ፣ ቃል ታሰረ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው። ገነት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ገብስ ስትሸከሽክ እንኳ ታንጎራጉር ነበር። በዚሁ መሐል ክርኗና ጉልበቷ ላይ ቀይ፣ ወፍራም፣ ከላዩ ነጭ ቅርፊት የሚረግፍ ነገር ወጣባት። ጭርት ነው ብለን እናቷ ድኝ በቅቤ ለውሳ ቀባቻት፤ ልጅቱ ተቃጠለች፣ ቁስሉም ባሰበት። ጠበል አስጠመቅናት፤ ነፍሷ ረጋ እንጂ ቅርፊቱ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ ትውል ጀመር።

ታዲያ አንድ ቀን ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የገብሬ እህት አበራሽም አየቻት። አይ አበራሽ! ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ «የአቶ ዋለ ልጅ ቁምጥና ወጣባት» አለ። እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል። ቁምጥና አለበት የተባለ ቤት ልጁን የሚጠይቀው አያገኝም፤ ገነት ብቻ ሳትሆን ታናናሾቿም አለቀላቸው ማለት ነው። ልጄ ከጓዳ አልወጣ አለች። «አባባ፣ ጣቴ የሚቆረጠው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሬ ሲሞትብኝ ያላለቀስኩት ሰውዬ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

በማግስቱ በበቅሎ አድርጌ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሕሊና የምትባል ልጅ እግር ናት፤ ሳያት «ይቺ ደግሞ ምን ታውቅ!» አልኩ በሆዴ። እሷ ግን የገነትን ክርን ሳትጸየፍ በእጇ ይዛ አገላብጣ አየች። ያን ጊዜ ወደድኳት። ከክርኗ ሥር ያለውን ጅማት ዳበሰች፣ ቀጥላም ዓይኗን አስጨፍና ቁስሉን በጥጥ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«እዚህ» አለች ገነት።

ሌላውን ነካችው።

«እዚህም።»

«አዩ አባባ» አለችኝ ነርሷ፣ «የሥጋ ደዌ ያለበት ቦታ ይደነዝዛል፤ ሲነኩት አያውቅም። ይሄ ያውቃል፣ ያሳክካልም። ሶሪያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጣትም አይቆርጥም።»

«ከዘር ነው?» አልኳት፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

«በቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ልጅ ላይ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል፤ ቢወጣም ይታከማል።»

ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፣ እየሄደ የሚመለስ ነው ብላም ነገረችን፤ አላታለለችንም። ለቁስሉ በቱቦ ያለ ቅባት፣ ቆዳው እንዳይደርቅ ደግሞ ቫዝሊን ሰጠችን። ቅርፊቱን በጥፍሯ እንዳትልጥ፣ ድኝ የሚባል ነገርም እንዳይደርስባት አጥብቃ አስጠነቀቀችን። ገነት ከበሩ ስትወጣ እጆቿን ዘርግታ ጣቶቿን አየች።

ቅባቱ መሥራት ሲጀምር ሽማግሎቹ ወሬውን ሰምተው ስለ ጋብቻው ሊነጋገሩ መጡ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ከፊት፣ ገብሬ ከነቆቡ ከኋላ። ነርሷ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ገነትንም ጠራኋት፤ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየች። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጠበል ቦታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁምጥናን አውቀዋለሁ። ይሄ እሱ አይደለም። ምን ትላለህ ገብሬ?»

ገብሬ የልጄን ክርን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አይደለም። አምኛለሁ። ቢሆንም ቃሉ ይፍረስ።»

ደሜ ፈላ! «ምን አደረገችህ? ካመንክ ምን ቀረህ አንተ ሰው?» ብዬ ዱላዬን አነሣሁ። ቄሱ «ተው ዋለ፣ በእግዜር!» ብለው መሐል ገቡ። ገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ልቅሶዋ ይሰማል። ሽማግሎቹ አፍረው ወጡ። ገብሬ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«እስኪ ወደ ጓሮ ና» አለኝ።

ሊደባደበኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ተከተልኩት። ከጌሾው አጠገብ ስንደርስ ዙሪያውን አየና ቆቡን አወለቀ።

ወይ ጉድ! ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ያው የልጄ ክርን ላይ ያለው ነገር ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ነጭ ቅርፊት፤ ተፍቆ የደማ ቦታም አለው።

«ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ነው» አለኝ። «ከሟች ሚስቴ በቀር ያየው የለም። ቁምጥና ነው ብዬ፣ ቆቤን ባወልቅ ሰው ያየኛል ብዬ ከወይራው ሥር ቆሜ ኖርኩ። ዛሬ የገነትን ሳይ የእኔው መሆኑን አወቅሁ። ልጅህን ጠልቻት አይደለም ዋለ። ከእሷም ከእኔም ወገን ሲመጣባቸው የሚወለዱት ምን ይሆናሉ? እንደ እኔ ከጥግ ይቁሙ?»

ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላኝ።

«አንተ ጅል!» ብዬ ጮህኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። «ነርሷ ነግራኛለች፤ ሊወጣባቸውም ላይወጣባቸውም ይችላል። ከወጣባቸው እናሳክማቸዋለን። ማነው ከጥግ የሚያቆማቸው? እኔ ዋለ ቆሜ? አንተንም ነገ እወስድሃለሁ፤ የራስህን መድኃኒት አይታ ትሰጥሃለች። አሁን ቁጭ በል። ገነት! ቫዝሊኑን አምጪ!»

ልጄ ዓይኗ አብጦ መጣች። ራሱን ገልጦ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ገብሬን ስታይ ደርቃ ቀረች። ልቀባው ጣቴን ስሰድ ግን «ተው አባባ፣ አንተ ታሳምማቸዋለህ» ብላ ቀማችኝ። ቅርፊቱን ሳትልጥ በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ ትቀባው ጀመር።

«ያምዎታል አባቴ?»

ገብሬ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ እጇ አዘነበለ፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል።

እኔ ሽማግሎቹን ልመልስ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጓሮ ሲደርሱ ገብሬ ደንግጦ ቆቡን ሊደፋ አነሣ፤ ገነት እጁን ያዘችው። ቄሱ መስቀላቸውን ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉለት። ገብሬ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ።

«እንግዲህ ሠርጉን ምን እንበል?» አሉት ቄሱ።

«ለጥር ነው ያልነው» አለ ገብሬ።