ያልተዘጋ ስፌት

ሶፋው ተገልብጦ አራት እግሩን ወደ ጣሪያ እንዳነሳ ነው ድምፁ የተሰማው። ሶፋ ሰሪው ከሥር የተለበጠውን ጥቁር ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ሊቦጭቀው እጁን ሰዶ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ሰማሽ?»

ታላቅ እህቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አላለችም። «ምኑን?»

«ሶፋው አለቀሰ።»

«አንተ እጅ ከገባ ምን ያድርግ፣ ያልቅስ እንጂ።»

ሰፈርተኛው ይህን ሶፋ ሰሪ «ሩጫ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይታወቅም አልተሳሳተም። ሩጫ ተቀምጦም ይሮጣል። ወንበር ላይ አረፍ ባለ ቁጥር ግራ እግሩ ከጉልበቱ ጀምሮ ይርገበገባል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለ ብርጭቆ አብሮት ይንቀጫቀጫል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ ቦታ ይቀይራል። እጁ የተባረከ ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን የጀመረውን ነገር ሲያጋምስ ሌላ ነገር ይታየዋል። የሱቁ በር ከወገቡ በላይ ሰማያዊ፣ ከወገቡ በታች ዝገት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጊታር ክሩ ተበጣጥሶ እንደ መጥበሻ ተንጠልጥሏል። የእሱን ግማሽ የምትጨርሰው እህቱ ናት፤ ወጥሮ የተወውን ትቸነክራለች፣ ለክቶ የተወውን ትሰፋለች፣ ስትሰፋም ታጉረመርማለች።

አሁን ግን እሷም ሰማች። መኪናዋን አቁማ መጣች። ሩጫ ጨርቁን ቀስ ብሎ በመቀስ ቀደደው። ከዛጉት የሽቦ ሞላዎች መካከል፣ ከተዘነጣጠለ ስፖንጅና ከአሮጌ ጋዜጣ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ፣ የጫማ ቁራጭ የሚያህል ቡኒ ነገር ተኮማትሮ ተኝቷል። ቡችላ ነው። ዓይኖቹ በአይናር ተጣብቀዋል፤ ኋላው ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ተበላሽቷል፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ሩጫ በመዳፉ ሲያነሳው የክብደቱን ማነስ አይቶ ደነገጠ። የያዘው ባዶ የትራስ ልብስ መሰለው።

የሶፋው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሲደወልላቸው ድምፃቸው ተሰበረ። «በረንዳዬ ላይ ሶፋው ሥር አንዲት ውሻ ወልዳ ነበር። እሷን መኪና ገጫት፤ ቡችሎቹን ጎረቤት ተከፋፈላቸው። አንዱ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ኖሯል? እኔን! ልጄ፣ እኔ እንኳን ውሻ ራሴንም ማንሳት አቅቶኛል። እባክህ አንድ ነገር አድርግ።»

ስልኩን ሲዘጋ እህቱ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«እንዳታስበው።»

«ምን አሰብኩ?»

«ፊትህ ላይ ያስታውቃል። ዛሬ ታቅፈዋለህ፤ ነገ ሌላ ነገር ታያለህ፤ ከነገ ወዲያ ውሻው የእኔ ይሆናል። እንደ በሩ።»

«በሩ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። በየቀኑ ግማሹ ያየኛል፣ ግማሹ ባንተ ያፍራል።»

ሩጫ ቡችላውን ደረቱ ላይ አደረገ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ወጣ።

የእንስሳት ሐኪሙ ቀርፋፋ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ የቡችላውን ድድ ገልጠው አዩ፤ ቆዳውን ቆንጥጠው እስኪመለስ ጠበቁ። ሩጫ እሳቸውን ማየቱ ብቻ ላብ በላብ አደረገው። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጡት፣ መርፌ ወጉት፣ ከዚያም ካርድ አውጥተው «ስሙ?» አሉ።

ሩጫ አላሰበበትም ነበር። «ሞላ» አለ፤ ከሞላ መካከል ነውና የወጣው።

«ሞላ። ጥሩ። አንጀቱ ክፉኛ ተጎድቷል። የሚድንም የማይድንም አለ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። የምሰጥህን የጨውና የስኳር ውሃ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግህ ትሰጠዋለህ፤ ትጠብቃለህ፤ ትደግማለህ።»

«ከዚያስ?»

«ትጠብቃለህ።»

«ሌላ የምሠራው የለም? ከባድ ነገር እንኳ ካለ እችላለሁ እኮ፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «ከባዱ ነገር ሥራው ትንሽ መሆኑ ነው፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነበር። ሩጫ ሶፋ ተሸክሞ ፎቅ ውጣ ቢሉት ይወጣል፤ ጠብታ ውሃ ሰጥቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ግን እጅ እግሩን አሰረው። በመጀመሪያው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ሲሪንጁን ሙሉውን ገፋው፤ ቡችላው ወዲያው አስመለሰ፤ የጠጣውም ያልጠጣውም ወጣ። ሩጫ ራሱን ሰድቦ እንደገና ከጠብታ ጀመረ። ጨርቅ የሚቸነክርበት ስቴፕለር ድምፅ ሞላን ሲያስደነብረው ጊዜ ሥራውን አስፋልት ዳር አወጣው፤ ጨርቅ ይወጥራል፣ ይመታል፣ ተመልሶ ሮጦ ይገባል፣ ጠብ ያደርጋል፣ ሮጦ ይወጣል። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ተላጭቶ እንደተቀመጠ ትቶ በር ላይ ቆሞ ይስቅበታል።

«ሩጫ! አገር እየዞርክ ነው ወይስ ሶፋ እየሠራህ?»

«የታመመ አለብኝ።»

«ማን?»

«ልጄ።»

«መቼ ወለድክ አንተ?»

«ሶፋ ወለደልኝ። ሂድ ሰውየውን ጨርሰው!»

እህቱ ይህን ሁሉ ከመኪናዋ ላይ ሆና ትሰማለች። ቡችላውን አልነካችውም። አንድ ቀን ግን ሩጫ ከውጭ ሲገባ የስፌት መኪናው ቆሟል፤ እሷም ቡችላው የሚተኛበት ቅርጫት ላይ ጎንበስ ብላ «ዋጥ፣ ዋጥ አድርጋት እንጂ፣ አንተ ክፉ» ትላለች። ሲያያት ቀና ብላ «ሲያለቅስ ሥራ አላሠራኝ ብሎ ነው» አለች።

ቀናት አለፉ። የሞላ ዓይን ተገለጠ። ተቅማጡ ቆመ። በጣት ጫፍ የተሰጠውን እህል ላሰ፤ በማግስቱ ጣቱንም ጨምሮ ነከሰ። ጭራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆላ ሚዛኑ ጠፍቶት በጎኑ ወደቀ፤ ሩጫም ልጅ እንደዳረ ሰው በየሱቁ እየዞረ ይህንኑ ተናገረ።

ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ ለሞላ ሊያደርግለት ተነሳ። የሚያውቀው ደግሞ ሶፋ ነው። ለመምህርቷ ሶፋ ገዝቶ የተረፈውን፣ ጣት ሲጫነው ተመልሶ የሚነሳውን ምርጥ ስፖንጅ ቆረጠ፤ ቀይ ከፋይ አለበሰው፤ ጠርዙን በሦስት ጎን አሳምሮ ሰፋ። ንጉሥ ቢተኛበት የማያፍር መኝታ ሆነ። አራተኛውን ጎን ሊሰፋ ክር ሲያስገባ እንጨት የጫነ መኪና በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ሩጫ ጨርቁን ወደ ውስጥ አጠፍ አጠፍ አድርጎ፣ ሞላን ላዩ ላይ አስቀምጦ «ነገ እሰፋዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ነገ መጣ፤ ነገም የራሱ ሥራ ነበረው።

ሞላ መጫወት የተወው እሑድ አልፎ ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። እህሉን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ደጋግሞ አስመለሰ። ሩጫ ሆዱን ሲነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቡችላውም ሲነካ ጮኸ።

«ተመለሰበት» አለ ሩጫ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ድኖ እኮ ነበር! እትዬ፣ ድኖ እኮ ነበር!»

እህቱ ወለሉን ልትጠርግ ጎንበስ ብላ ቀረች። ከትውከቱ መሐል በሁለት ጣቷ አንድ ነገር አነሳች። ቢጫ ፍርፋሪ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ መኝታው ዞሩ። ሩጫ ከፋዩን ገለጠው፤ አራተኛው ጎን አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ አይጥ እንደፈነጨበት ዳቦ ተቦርቡሯል። ሞላ በትንንሽ ጥርሶቹ እየዘነጠለ ሲበላው ከርሟል።

ሐኪሙ የዚያን ቀንም አልቸኮሉም። ሆዱን ዳሰሱ፣ በማዳመጫ መሣሪያ አዳመጡ፣ ደግመው ዳሰሱ። «አንጀቱ ውስጥ አለ። ስፖንጅ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ካለፈ አለፈ፤ ካላለፈ ነገ ሆዱን መክፈት ነው። ከከፈትነው ግን ይህ ሰውነት ማደንዘዣውን ይችላል ብዬ አልምልልህም። ስለዚህ አሁን ዕድል እንስጠው። ፈሳሽ ሰጥቼዋለሁ። አንተ ሙቀት ስጠው፣ እንዳይናወጥ አድርገህ ያዘው። መናወጡ ያመዋል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከሚያልፍ፣ ወይም እስከ ነገ።»

ሩጫ ሱቁ ተመልሶ የመምህርቷ ሶፋ ላይ፣ ገና ጨርቅ ያልለበሰው ላይ፣ ቁጭ አለ። ሞላን ጭኑ ላይ አስተኛው። አንድ አፍታ እንዳለፈ ግራ እግሩ መርገብገብ ጀመረ፤ ሞላ አቃሰተ። ሩጫ ጉልበቱን በእጁ ጨምቆ ያዘው። እግሩ ቆመ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ እግሩ እንደገና ተነሳ፤ ቡችላውም እንደገና አቃሰተ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከገዛ እግሩ ጋር ሲታገል ዋለ። ውጭ ሰው ጠራው፤ አልወጣም። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳም። ገላው ውስጥ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስል ቆዳው ሁሉ ተነስ፣ ሂድ፣ የሆነ ነገር አድርግ ይለዋል፤ የሚደረገው ነገር ደግሞ አለመነሳት ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ እህቱ መጋረጃውን ዘግታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«አራተኛው ጎን እንዳልተሰፋ። አንተ የወጣህ ዕለት አይቼዋለሁ። መርፌው እጄ ላይ ነበር።» ከቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ነቀለች። «አንዴ እንኳ፣ ይቺን አንዷን እንኳ ራሱ ይጨርስ ብዬ ተውኩት። እልህ ነው የያዘኝ።»

ሩጫ ቀና ብሎ አያት። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ። «ስፌቱ የእኔ ነበር» አለ።

«ነበር።»

«አንቺ ያንቺን ስታደርጊ ነው የኖርሽው።»

«እሱንማ ተወው።» እጇን ዘርግታ የሚርገበገበውን ጉልበቱን ተጫነችው። «አንተ ተኛ ጥቂት፤ እግርህን እኔ እይዘዋለሁ።»

አልተኛም። በየተራ እግሩን እየያዙ፣ የቡችላውን ትንፋሽ እያዳመጡ ነጋላቸው። አንድ ጊዜ ትንፋሹ የቆመ መስሏቸው ሁለቱም አብረው ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ሞላ ደግሞ ረጅም ሲቃ አወጣና ቀጠለ።

ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ቡችላው ራሱን አነሳ። ከጭኑ ልውረድ አለ። ሩጫ ቀስ ብሎ መሬት አደረገው። ሞላ እየተንገዳገደ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ወደነበረው፣ እህቱ ትናንት ወደቆረጠችው አረንጓዴ የሶፋ ጨርቅ ሄደ፤ መሐሉ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን አጎበጠ።

«እዚያ ላይ አይደለም!» ብላ እህቱ ጮኸች።

«ተይው! በናትሽ ተይው!»

ሞላ አማጠ፣ አረፈ፣ እንደገና አማጠ። ሩጫ በጉልበቱ ተንበርክኮ አብሮት ያምጣል። መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ጣት የሚያህል፣ ቢጫ፣ የተጠቀለለ ስፖንጅ፤ ከኋላው ሌላም። እህቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወዲያው ደግሞ እልልታዋን አቀለጠችው።

መምህርቷ የሶፋቸውን ነገር ሊያዩ የመጡት በዚህ መሐል ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ እህትና ወንድም በጨርቃቸው ላይ የተቀመጠ ዓይነ ምድር ከበው ተቃቅፈዋል።

«ምንድን ነው ልጆች? ሰላም ነው?»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህርት!» አለ ሩጫ። እንባውና ሳቁ ተደባልቋል። «አለፈ!»

መምህርቷ ጨርቁን አዩ፤ ቡችላውን አዩ፤ ከዚያ እየዞሩ መቀመጫ ፈለጉ። «ያ የእኔ ጨርቅ ነው?»

«ነበር» አለች እህቱ። «ዛሬውኑ አዲስ እቆርጥልዎታለሁ።»

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ዳስሰው ለስልሷል አሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚበላውን እንጂ የሚተኛበትን አታብሉት ብለውም ቀለዱ። ቀልዳቸው እስኪያልቅ ሩጫ ሳይነሳ ጠበቀ።

ሱቅ ሲመለስ ስፖንጁን አውጥቶ ጣለው። በምትኩ አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፎ ከፋዩ ውስጥ ከተተና መርፌ አነሳ። እህቱ ወደ መኪናዋ ጠቆመች።

«አምጣው፣ በአንዴ ድርግም ላድርገው።»

«ተይኝ፣ እኔ ነኝ የምሰፋው።»

አራተኛውን ጎን በድርብ ክር፣ በጥቅጥቅ ስፌት ሰፋው፤ ጫፉ ላይ ቋጥሮ፣ በጥርሱ በጥሶ፣ ደግሞ ቋጠረው። በመሐል ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ተነፋ፤ ፀጉር አስተካካዩም ስሙን ጠራ። አልተነሳም። ሲጨርስ መኝታውን ሞላ ፊት በክብር አኖረለት።

ሞላ ዞር ዞር ብሎ አሸተተው። በአንድ እግሩ ነካው። ከዚያ ትቶት መጣና የሩጫ ግራ ጫማ ላይ አገጩን አሳርፎ ተኛ።

«አቤት ውለታ!» አለች እህቱ። «ይልቅ ተነስ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል።»

«አንቺ አናግሪልኝ።»

«ምን ሆንክና?»

«ተይዣለሁ።»

እህቱ ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ አየች። ቀኝ እግሩ ይርገበገባል፤ ከላይ ያለው ብርጭቆም እንደ ወትሮው ይንቀጫቀጫል። ግራው ግን ቡችላ እንደተሸከመ ንቅንቅ አላለም። መቀሷን አስቀምጣ ደንበኛውን ልታናግር ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ድምፅ ሳታሰማ ገርበብ አደረገችው።