አንድ «እንግዲህ» ለሁለት ሰው

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጫማ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ስለነበረ ሰፈሩ «ጋሽ መጋዘን» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ፋብሪካው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ለቀሪዎቹ ሠራተኞች ስንብት ተደረገ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ተነሥታ «እሳቸው የመጋዘን ኃላፊያችን ብቻ ሳይሆኑ አማካሪያችን ነበሩ» አለችና አለቀሰች። ሐሰት አልተናገረችም። ቤት ሊቀይር ያሰበ፣ ከአለቃው የተጣላ፣ ልጁ ትምህርት እምቢ ያለው ሁሉ በመጋዘኑ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ያዋየው ነበር። ጋሽ መጋዘን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ረጅም ትንፋሽ ስቦ «እንግዲህ...» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ጠያቂው ግን ፊቱ በርቶ ይሄዳል። በሳምንቱም «ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ሰመረልኝ!» ብሎ ይመጣል። ምን ብዬው ይሆን እያለ ቢያስብ ቢያስብ ትዝ አይለውም።

ያቺ «አማካሪ» የምትል ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። በሃምሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ ሙያ ሲገኝ ማን ዝም ይላል?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኞቿ «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የምትገጥመው ክፍል የእሷ መስፊያ ነበረች።

«በክፍልሽ የምክር ቢሮ ልክፈት፤ ሦስት ወር ስጪኝ» አላት። «በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሁነኛ ደንበኛ ካላገኘሁ ክፍልሽን ትረከቢያለሽ። እኔም ወንድምሽ ያገኘልኝን የትምህርት ቤት ሥራ እገባለሁ።»

የትምህርት ቤቱ ሥራ መስኮት በሌለው ክፍል ቁጭ ብሎ ፈተና ማባዛት ነበር።

እትዬ መርፌ የስፌት መኪናዋን ወደ መኝታ ቤት ገፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ መጋዘን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ያድራል፤ ሁለት ጊዜም ጎኑን መርፌ ወግቶት ብድግ ብሏል። እሷ አይዞህ አላለችውም፤ መርፌዋን ተቀብላ ትራሷ ላይ ሰካቻት።

ታፔላ ጸሐፊው «የምን አማካሪ ብዬ ልጻፍ?» ሲለው፣ ጋሽ መጋዘን አሰበና «እንግዲህ...» አለ። ጸሐፊው ብልህ ሰው ነበር። «አማካሪ» ብሎ በትልቁ ጻፈና ከሥሩ ለወደፊቱ ባዶ ቦታ ተወለት።

ያ ባዶ ቦታ ጉድ አፈላ። አንዱ ጠበቃ መስሎት የድንበር ክስ ይዞ መጣ። አንዲት እናት የልጇን እጮኛ እንዲገመግምላት ፎቶግራፍ ዘረጋችለት። የቀሩት ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ የሚስቱ ደንበኞች ናቸው፤ እነሱን በጣቱ ወደ መኝታ ቤት ይመራል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ በቀን ሦስቴ ብቅ ይላል።

«ምክር ቤቱ ዛሬም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም?»

«ሂድ ወደ መቀስህ!»

«እኔ እኮ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፀጉር እየቆረጥኩ በነፃ ስመክር ኖሬያለሁ። አንተ ደግሞ ሳትቆርጥም ሳትመክርም ጠረጴዛ ገዛህ።»

ሦስት ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ ጎልማሳ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሁለት መንገድ በታች ያለው ማተሚያ ቤት ባለቤት ነበር።

«ጋሼ፣ አባታችን ትቶልን የሄደ ማተሚያ ማሽን አለ። አርጅቷል። አንድ ገጽ አትሞ ሁለት ቀን ያርፋል። ሸጠን አዲስ እንግዛ ነው የምለው። ምን ይሉኛል?»

ጋሽ መጋዘን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ሁነኛ ደንበኛ! መነጽሩን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ትንፋሹን ሳበ።

«እንግዲህ...»

«በቃ!» ብሎ ሰውየው ጠረጴዛውን መታ። «እንግዲህስ ይበቃል ማለትዎ ነው! እኔም ይህንኑ ነው የምለው። ቅዳሜ መጥቼ ውል እንፈራረማለን፤ ማሻሻጡን እርስዎ ይመሩልናል።»

ጋሽ መጋዘን ቀኑን ሙሉ መሬት አልረገጠም።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሴት መጣች። የጣቶቿ ጫፍ በቀለም ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት የአባቴ ማሽን አለ። ሠላሳ ዓመት አብልቶናል። ወንድሜ ግን ይሸጥ ብሎ አራት ዓመት ነዘነዘኝ፤ ይኸው ኩርፊያችን ብሶ ሰላምታም የለን። ይሸጣል እንዴ እንዲህ ያለ ንብረት?»

ጋሽ መጋዘን የትኛው ማሽን እንደሆነ ገባው። ትላንት ለወንድምየው አንዴ ተናግሯል። ግን ምን ነበር ያለው? ምንም አላለም። ቢሆንም ብሏል። ነገሩ ተምታታበት፤ አፉ ደግሞ ልማዱን አልረሳም።

«እንግዲህ...»

«እሰይ!» አለች እህትየው ብድግ ብላ። «እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን ካገለገለን በኋላ እንዴት ይሸጣል? ማለትዎ ነው! ቅዳሜ መጥቼ ውል እፈርማለሁ። ጥገናውን እርስዎ ያስተባብራሉ።»

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ጉልበቷ ላይ ቀሚስ ዘርግታ ትዘመዝማለች።

«ሁለቱንም ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«ምንም? እንግዲህ ብለህ ይሆናላ።»

ጋሽ መጋዘን እንጀራውን ጠቀለለ።

«ያኔ ጠብቄህ ጠብቄህ ሲደክመኝ "እንጋባ ወይስ መንገዳችንን እንለይ?" ስልህ ምን አልከኝ?»

«ምን አልኩሽ?»

«"እንግዲህ" አልከኝ። እኔም እሺ ማለቱ ነው ብዬ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።»

«ታዲያ... እሺ ማለቴ አልነበረም?»

«ኧረ ጉድ! እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ለመሆኑ ያንተ እንግዲህ ምን ማለት ነው?»

ጋሽ መጋዘን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። አውቶቡስ ሲያመልጠው እንግዲህ ይላል። እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ እንግዲህ ይላል። የጎረቤት ልጅ ኳስ መስኮቱን ሲመታ «እንግዲህ!» ብሎ ያፈጥጣል። መጋዘኑ ውስጥ ሳለ ለእያንዳንዱ በር የየራሱ ቁልፍ ነበረው፤ እያንዳንዱም ቁልፍ ቁጥር ተለጥፎበት ነበር። በገዛ አፉ ግን ዕድሜ ልኩን በአንድ ቁልፍ ሁሉን በር ሲነካካ ኖሯል። የትኛው እንደተከፈተና የትኛው እንደተቆለፈ እሱ ራሱ አያውቅም።

ቅዳሜ ወንድምየውና እህትየው በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ተያይተው ፊታቸውን አዞሩ፤ ከዚያ ለምን እንደመጡ ሲነጋገሩ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«እሳቸው ይሸጥ ብለውኛል!»

«አይሸጥም ነው ያሉኝ! ይኸው ቁጭ ብለዋል፤ ይናገሩ!»

«ይናገሩ!»

መኝታ ቤት ውስጥ ሲንጣጣ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን እንደያዘ ደጁ ላይ ቆመ። ጋሽ መጋዘን መነጽሩን ሰቀለ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ያቺም ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከንፈሩን ነክሶ መለሳት። ሌላ ቃል ሲፈልግ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር።

«አላውቅም» አለ።

«ምን?»

«አላውቅም። ማሽኑን አላየሁትማ። ስንት ጊዜ እንደሚቆም፣ የትኛው ዕቃው እንደሚሰበር፣ መለዋወጫው ይገኝ አይገኝ አላውቅም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳላይ አንድ ጥንድ ጫማ አውጥቼ አላውቅም፤ ያላየሁትን ማሽን ይሸጥ አይሸጥ እንዴት ልበል?»

«ታዲያ ረቡዕ ለምን ይሸጥ አሉኝ?»

«አላልኩም።»

«እኔንስ ለምን አይሸጥም አሉኝ?» አለች እህትየው።

«እሱንም አላልኩም፣ ልጄ።»

ወንድምየው ወደ ታፔላው ጠቆመ። «አማካሪ ተብሎ አላውቅም! ደግ ነው፣ ደግ ነው!» ብሎ ወጣ። እህትየው «እድሜ ለእርስዎ፣ አሳረፉን!» ብላ ተከተለችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ያንዱን ቃል እየተቀበለ ጋሽ መጋዘንን እየረገሙ ቁልቁል ወረዱ።

ፀጉር አስተካካዩ ዐይኑን ማመን አቃተው። «አራት ዓመት በአንድ የመንገድ ዳር ሄደው አያውቁም እኮ! አንተን ለመራገም ተስማሙ።»

ጋሽ መጋዘን ግን የታየው ደንበኞቹ መሄዳቸው ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ነበር። ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ያዘ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሚስቱ ከመኝታ ቤት ወጥታ።

«ክፍልሽን ልመልስልሽ። ያዢልኝ።»

እሷ ከውስጥ፣ እሱ ወደ ኋላው እየሄደ ከውጭ ሆነው ጠረጴዛውን አነሡት። ሲገባ በደንብ የገባው ጠረጴዛ ሲወጣ በሩ መሐል ተቀረቀረ፤ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ደጅ። እየታገሉ ሳሉ እህትየው ከጀርባው መጣች። ወንድሟ ከመንገዱ ማዶ እጁን ኪሱ ከቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ጋሼ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «መንገድ ላይ እየተራገምን ስንሄድ... እርስዎን ማለቴ ነው፣ ይቅርታ... ወንድሜ "አንቺስ ታውቂያለሽ?" አለኝ። እኔም "አንተስ?" አልኩት። እኛም ለካ አናውቅም። ከአባታችን ሞት ወዲህ ተከፍቶ ሆዱን ያየው ሰው የለም። ይሸጥ አይሸጥ እያልን ስንጣላ ማን ይክፈተው? ሰኞ መጥተው ይዩልን፤ ከዚያ ውሉን እንፈርማለን። ይመጣሉ?»

ጋሽ መጋዘን ጠረጴዛውን እንደያዘ፣ ላቡ ዐይኑ ውስጥ እየገባ፣ ትንፋሹን ሳበ።

«እንግዲህ...»

«ይመጣል!» አለች እትዬ መርፌ ከጠረጴዛው ኋላ። «ሰኞ በሁለት ሰዓት! እሺ ማለቱ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

እህትየው እየሳቀች ሄደች። ባልና ሚስት በጠረጴዛው ላይ ተያዩ።

«እና?» አለች እሷ። «ጠረጴዛው ይውጣ ወይስ ይግባ?»

አፉን ከፈተ።

«ዋ! እንዳትላት!»

ጋሽ መጋዘን ጠረጴዛውን አየ፣ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን ታፔላ አየ፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

«አላውቅም» አለ።

«ይህስ መሻሻል ነው» አለችና እግሯን አጽንታ ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ትስበው ጀመር። እሱም ያዝ እንዳደረገው ተከትሎ ገባ።