ወንዙን የተሻገረ እናቱን ይወስዳል

እነሆ በዕለተ እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ጠረጴዛው ከተጠረገ በኋላ፣ ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ለቤተሰቡ አወጀ፦

«ኮምፒውተሩን ልከፍተው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ነገሩ የዋዛ አልነበረማ። የልብስ ሰፊውና የታናሽ ወንድሙ እናት የተከራዩት ቤት ተሸጦ ማደሪያ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች «እማዬ እኔ ጋ ነው የምትኖረው!» «ሞቼ ነው ቆሜ!» ሲባባሉ ሰነበቱ፤ መሐላው ከፍ ከማለቱ የተነሣ መውረጃ ጠፋ። በመጨረሻ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ይለይልን ተባባሉ። የሁለት ጥንታዊ ነገሥታት ጦር በወንዝ ግራና ቀኝ ተፋጦ ይቆማል። ጦሩ ማዶ የተሻገረለት ያሸንፋል፤ ንጉሡ የሞተበት ይሸነፋል። ያሸነፈ እናቱን ይወስዳል።

ታላቅየው ልብስ ሰፊ እናቱን ይወዳል፤ ይህ አያጠያይቅም። ችግሩ ትርፍ ክፍሉ አንዲት ብቻ መሆኗ ነው። በእሷም ውስጥ የስፌት መኪናው፣ መቁረጫ ጠረጴዛው፣ እግራቸው ያልታጠፈ ሱሪዎችና የቤቱ ጉርስ በሙሉ ተፋፍገው ይኖራሉ። እማዬ ከገቡ መኪናው የት ይገባል? ስለዚህ የቆረጠው ነገር አንድ ነበር፤ በጀግንነት መሸነፍ።

መሸነፍ ለሚያውቅበት ቀላል ነው። በዚህ ጨዋታ፣ ማዶ ጠላት እየጠበቀ ወንዝ የሚሻገር ጦር ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድልድይ ላይ ከተጨናነቀማ እንደ በግ ነው የሚታረደው። ብልህ ሰው ኮረብታው ላይ ቀስተኛ ያሰፍርና ፈረሰኛውን ከላይ ባለው መልካ ያሾልካል። ልብስ ሰፊው ይህን እንደ መርፌው ቀዳዳ ያውቀዋል። ስለዚህ እግረኛውን ሁሉ ሰብስቦ በድልድዩ ነዳው።

«በድልድዩ?» አለ ታናሽየው፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው።

«እናት በጓሮ አትወሰድም። ፊት ለፊት ነው!»

«ወንድ!» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። ከሠርጋቸው ወዲህ ሰምቶት የማያውቀው ምስጋና ነበር።

እናትየው ከሶፋው ላይ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። «ልጄ፣ እዚያ ጫፍ ላይ የቆሙት ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው እማዬ።»

«እና አያዩህም?»

«ያዩኛል እማዬ።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ጦሩ ድልድዩ መሀል ሲደርስ ተራው የወንድሙ ሆነ። ልብስ ሰፊው እልቂቱን ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። የጩኸት ድምፅ የለም፤ ቦጭ ቦጭ የሚል የውሃ ድምፅ ብቻ። ቢገልጥ፣ የወንድሙ ቀስተኞች ምሽጋቸውን ጥለው ወንዙ ውስጥ እየዘለሉ ነው።

«ምንድነው የምትሠራው?»

«መልሶ ማጥቃት።»

«በዋና?»

«ለእናቴ እዋኛለሁ!»

ልብስ ሰፊው ዋናተኞቹን ትኩር ብሎ አየ። ይህ ወንድሙ እኮ የቆመ መኪና ሲያልፍ እንኳ ፍሬን የሚይዝ ሰው ነው። ያን ጊዜ ገባው። ይሄም ሊሸነፍ ነው የመጣው! ማዶው ባዶ ቀርቷል፤ ጦሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ማሸነፉ ነው። ተራው እንደደረሰ ሠራዊቱን ከድልድዩ ላይ ጎትቶ መለሰ።

«ምነው፣ ሸሸህ?»

«ቦታ ለቀቅኩልህ። ግባ!»

«ታላቅ እያለ? ቅደም እንጂ።»

«እንግዳ ይቀድማል!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልህ!»

ሁለቱ ጦሮች በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሎች ሲገባበዙ ቆዩ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ተስፋ ቢቆርጥ ንጉሡን ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ላከው። ወንድሙም ሳያመነታ የራሱን ንጉሥ አስከተለ። ሁለቱ ነገሥታት ጎን ለጎን ሰመጡ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ «አሸናፊ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ወይኔ! ለጥቂት!» አለ ታናሽየው ጭኑን እየመታ።

«እህህ… እንድገመው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁ እየሰለለ።

እናትየው ከሶፋው ተነሡ። «እኔ እንኳ የድሮ ጎረቤቴ ጋ ልገባ ተስማምተናል። ታክሲውም ደጅ ደርሷል።»

ልብስ ሰፊው «አይደረግም!» ሊል አፉን ከፈተ። ወንድሙ ግን ሻንጣውን አንሥቷል። ሚስቱ በሩን በርግዳ ይዛለች። እሱ ራሱም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የእናቱን የጫማ ክር ቶሎ ቶሎ እያሠረ ነበር።