ከአውሮፕላኑ መሰላል ሥር

የነዳጅ መሳቢያው ሞተር ለሦስተኛ ጊዜ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንተፋትፎ ጠፋ። ባንታምላክ ከዳሱ ጥላ ሥር ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ሲል ሚስቱ ውዴ የኮቱን ጫፍ ጨምድዳ ያዘችው።

"አርፈህ ተቀመጥ!"

"አየር እየሳበ እኮ ነው። ድምፁ አይሰማሽም?"

"የፈለገውን ይሳብ፣ ምን አገባህ? ብትነካው 'እሱ ነው ያበላሸው' ይሉሃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ሜዳው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ፣ በታጨደ የሰሊጥ ማሳ መሀል ያለ፣ ድሮ የፀረ ተባይ መርጫ አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረ ነው። ነዳጅ የሚቀዳው ከበርሜል ነው። መብራት ስለሌለውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልተነሣ አውሮፕላን እዚያው ያድራል። ለአብራሪው ማደር ምንም አይደለም። የባልና ሚስቱ ወደ ካናዳ የሚያስገባው የጤና ምርመራ ወረቀት ግን ዛሬ ያበቃል፤ ካለፈ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። እዚህ ለመድረስ ደግሞ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። ካናዳ ያለችው ልጃቸው ብፅአት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ብፅአት እናቷ አጠገቧ ሳትኖር ትወልዳለች ብላ ስታስብ የውዴ ሆድ ይባባል።

ባንታምላክ የሞተር ሰው ነው። በኸሽም ኤል ቂርባ የመስኖ ፓምፕ፣ በባሱንዳ ትራክተር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ውዴ ይህን አላጣችውም። ግን እሱ የጠገነው ትራክተር በሌላ ሰው እጅ በተቃጠለ ጊዜ ሁለት ሳምንት የታሰረው ባሏ ነው። ያኔ ስንቅ ያመላለሰችው ደግሞ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በሰው አገር አንገት ደፍቶ ማለፍን የመሰለ ነገር የለም ትላለች።

የመንገደኞቹ አስተርጓሚ ዙሌካ የስም ዝርዝሩን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ወላጆቿ ከመተማ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ሱዳን ስለሆነ ውዴን እንደ አገሩ ልጆች "ኻልቲ" ብላ ነው የምትጠራት፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

"ኻልቲ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተቀዳ ኻላስ፣ በቃ፣ ነገ ነው ይላል አብራሪው።"

"እኛ ነገ የለንም፣ ልጄ።"

ውዴ ወደ ባሏ ዞረች። ባንታምላክ አውሮፕላኑንም እሷንም አያይም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አብዱልሰላም የሚባለው የሜዳው ሠራተኛ በከንቱ የሚያዞረውን ሞተር ያዳምጣል። በሽተኛ አጠገቡ እያቃሰተ እጁን የታሰረ ሐኪም መሰላት። ኮቱን ለቀቀችው።

"ሂድ" አለችው። "ኮቱን ግን አውልቅ፤ ዛሬ ነው የለበስኸው።"

አብዱልሰላም "መንገደኛ እዚህ አይቆምም!" ብሎ ሊመልሰው ነበር። ባንታምላክ በዓረብኛ "አንዲት ደቂቃ ወንድሜ" አለውና ተንበረከከ። አንዲት ብሎን አላላ። አረፋ ወጣ፤ ቀጥሎ የጠራ ናፍጣ ወረደ። ብሎኗን አጠበቀ። ሞተሩ አንዴ ተንደፋደፈና ሜዳውን በጩኸት ሞላው።

የሞተሩ የናፍጣ ቧንቧ ግን ተሰንጥቋል። ባንታምላክ በላስቲክ ቢጠቀልለውም አየር መሳቡን አልተወም። ስለዚህ ላስቲኩን ከነቧንቧው በጭብጡ ጠምዝዞ ያዘው።

"እኔ ካልለቀቅሁት አይጠፋም" አለ። "ቅዱ!"

"ያ ሰላም!" አለ አብዱልሰላም ተደንቆ። ቆቡን አውልቆ በባንታምላክ ራስ ላይ ደፋለት፤ ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለችና።

ውዴ ኮራች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባሏን ጥቁር ጥፍር ስትነቅፍ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ያ ሁሉ ሰው እጁን ሲያይ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ነው እንዴ ደብቄው የኖርኩት አለች በሆዷ።

መንገደኞቹ መሳፈር ጀመሩ። ዙሌካ የውዴን ቦርሳ አነሣች።

"ኻልቲ፣ እርስዎ ይግቡ። ነዳጁ እንደሞላ በሩ ይዘጋል፤ ማንንም አልጠብቅም ይላል አብራሪው።"

"ባሌስ?"

"ቶሎ ከመጣ ይደርሳል፣ ኢንሻላህ።"

ውዴ እስከ መሰላሉ ድረስ ሄደች። ሌሎቹ አንድ በአንድ እያለፏት ወጡ። ከበሩ ላይ አብራሪው ሰዓቱን እየጠቆመ በእጁ ጠራት። ፀሐይዋ ማሳው ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ባንታምላክ አሁንም እንደተንበረከከ ነው።

ውዴ ቦርሳዋን ከዙሌካ ተቀበለች። ቀሚሷን ሰበሰበችና የመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ ተቀመጠች። እሷ ሳትነሣ መሰላሉ አይታጠፍም፤ በሩም አይዘጋም።

"ኻልቲ!" አለች ዙሌካ ደንግጣ። "አብራሪውን ምን ልበለው?"

"ባሌ ሥራ ላይ ነው በይው። ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ እንሄዳለን።"